ባልና ሚስት በሁለት ካንቶን

ከሥራ የተቀነስኩት ከአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ነው። ሜራን ውስጥ፣ ከጄኔቭ አየር ማረፊያ አጥር ባሻገር ባለ ትልቅ ሕንጻ፣ ትንንሽ ሳህኖች ላይ ሰላጣ፣ ቅቤና ቁራጭ ኬክ ስደረድር ዓመታት አሳልፌያለሁ። ክፍሉ በረዶ ነው። ውጭ ሙቀቱ ሲያቃጥል እንኳ ሁለት ካልሲ ደርቤ ነበር የምገባው። አንድ ቀን ጠዋት አለቃችን ሰበሰበንና ሥራው ለሌላ ኩባንያ መተላለፉን፣ አዲሱ ኩባንያ ደግሞ ሁላችንንም እንደማይወስድ ነገረን። ከማይወሰዱት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ዙሪክ ነበር። እሱ ከእኔ በፊት ነው ሥራ ያጣው። ጄኔቭ የሚሠራበት ሆቴል ሲዘጋ ብዙ ደጅ ጠንቶ ያገኘው ሥራ ሽሊረን ውስጥ ሆነ፤ ከዙሪክ ወጣ ብሎ መጋዘን በመጋዘን የሆነ ቦታ ነው፣ እዚያ ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል። በየቀኑ በባቡር ተመላልሶ የሚሠራበት ርቀት ስላልሆነ አንድ ክፍል ተከራየ። ዓርብ ወደ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ከሰዓት ይሄዳል። እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር፣ አሮጌው አፓርትማችን ውስጥ ቀረን። ለጥቂት ወራት ነው ተባብለን ነበር። ጥቂት ወራት ግን እንዴት እንደሚያልፉ ሰው ልብ አይልም። ልጆቹ ሳምንቱን ያለ አባት መኖር ለመዱ፤ እኔም ለመድኩ።

ሥራ ስፈታ እንደማንኛውም ሰው ሾማዥ ገባሁ። ለሥራ አጦች የሚከፈለውን ገንዘብ እዚህ ጄኔቭ ሐበሻው ሁሉ ሾማዥ ነው የሚለው። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፤ ከመምጣቱ በፊት ግብሩ ተቆርጦ ነው። እኛ በፐርሚ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የምንኖር ሰዎች የምናውቀው ግብር ይሄ ነበር። ሳታየው ይወሰዳል፣ የቀረው ያንተ ነው። ማንም ተጨማሪ ጠይቆን አያውቅም። እኔም የተረፈውን ለቤት ኪራይ፣ ለጤና ኢንሹራንስ፣ ለልጆቹ ምሳ አደረግኩት። ሥራ እየፈለግሁ በየወሩ ለአማካሪዬ የማመልከቻ ዝርዝር አቀርባለሁ። አማካሪዬ ደግ ሴት ነበረች፣ ግን ፊቴን አይታ አታውቅም፤ የምታየው ስክሪኗን ነው። አንድ ጊዜ፣ "ማዳም፣ ተስፋ አይቁረጡ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

አንድ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የሽማግሌዎች መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ሥራ አገኘሁ። የዚያን ዕለት ከትራም ስወርድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ለባለቤቴ ደወልኩለት። "እልል በዪ!" አለኝ። ትራም ፌርማታው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በቀስታ እልል አልኩ።

ወረቀቱ የመጣው በሚቀጥለው ሜይ ነው።

ያኔ ትልቋ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚጻፍ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በእሷ እጅ ነው። እኔ ገበያ የምወጣበት፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምግባባበት ፈረንሳይኛ አለኝ፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ግን ሌላ ቋንቋ ነው። እንደቆመች፣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እንዳለ፣ ገጹን አገላበጠችው።

"እማዬ፣ ኢምፖ ነው።"

"ግብርማ ተቆርጧል። ምን አገባቸው?"

"አላውቅም። የሾማዥሽን ነው የሚለው። እንትን... ልክ አልተቆረጠም። ሌላ ይከፈላል።" ጣቷን ከታች ያለው ቁጥር ላይ አደረገች። ቁጥሩን ለማንበብ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ እትዬ ብለን የምንጠራቸው ሴት ይኖራሉ። በደርግ ዘመን የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ በጣም የሚያምር ነጠላ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ልጄ፣ ባልሽ ሽሊረን ሲገባ ምን ብሎ ነው የተመዘገበው?"

"ምን ብሎ ይመዘገባል? ተከራይ ብሎ ነዋ።"

"እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው።" እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። "ስሚኝ። ሾማዡ ሲከፍልሽ አንቺን ብቻዋን ልጆች እንደምታሳድግ ሴት ቆጥሮ ነው ግብሩን የቆረጠው። ለእንደዚያ ዓይነት ሴት ግብሩ ያንሳል። ለምን እንደዚያ ቆጠረሽ ብትይ፣ ባልሽ ዙሪክ በራሱ አድራሻ ነዋሪ ሆኖ ስለሚታይ ነው። አሁን ግን ጄኔቭ እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው፣ አልተፋቱም፣ ገቢያቸው አንድ ላይ መታየት አለበት አለች። ሁለቱ ገቢ ሲደመር ያንቺ የሾማዥ ገንዘብ ግብሩ ከፍ ይላል። ልዩነቱን ክፈሉ ነው የሚሏችሁ።"

"እስከ ዛሬ የት ነበሩ?"

"ሕጉ ተቀይሯላ። ድሮ አሠሪው ቆርጦ ለራሱ ካንቶን፣ ለራሱ ክፍለ ሀገር፣ ይልክና በዚያው ያበቃ ነበር። አሁን የተቆረጠው የሚሄደው ሰውየው እውነተኛ ቤቱ ወዳለበት ካንቶን ነው ተብሏል። ስለዚህ ሁለቱ ካንቶኖች ስለ አንድ ሰው ይጻጻፋሉ። ባልሽ በዙሪክ የተቆረጠበት ደግሞ ወደዚህ መዞር ይኖርበታል።"

"እሱማ ከዞረ ዕዳውን ይችላል!" አልኩ፣ ነፍስ ዘርቼ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "የተቆረጠብኝ ልክ አይደለም የሚል ሰው እስከ ማርች መጨረሻ ነው የሚያመለክተው። አልፏል። ምናልባት ይዞር ይሆናል፤ ግን በነሱ ጊዜ እንጂ ባንቺ ጊዜ አይደለም።"

ደረጃውን ስወጣ የተሰማኝን እስከ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። ሥራ ስፈታ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ሥራ ስፈታ አንድ ነገር ተወሰደብኝ፤ አሁን ግን የተበላ ምግብ፣ የተከፈለ ኪራይ፣ ልጆቼ አድርገው የጨረሱት ጫማ መልሺ እየተባልኩ ነው። ሾማዥ ላይ ሳለሁ የቆጠብኩት ነገር የለም። ከየት አምጥቼ?

ኢምፖ ቤት፣ ባለጉዳይ በመስታወት በኩል የሚስተናገድበት ጊሼ ሄጄ ላስረዳ አልኩ። እትዬ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ልጄን ከትምህርት አስቀርቼ ይዣት ሄድኩ። ይሄን ውሳኔዬን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሌላ ሰው ባገኝ ኖሮ እላለሁ። አልነበረም።

ተራችን ደረሰ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት ሰውዬ ትሑት ነው፤ አላንጓጠጠንም። ወረቀቱን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ልጄን በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቃት። ልጄ መልስ ሳትሰጠው ወደ እኔ ዞረች። 

"ምን አለ?"

"አንቺና አባዬ..." አለች። "ሴፓሬ ናችሁ ወይ ይላል። በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም።"

ቃሉ ገብቶኛል። የገባኝ መሆኑን ግን ፊቴ ላይ እንዳታይ ፈለግሁ። "ተለያይታችኋል ወይ ነው የሚለው?"

"አዎ። ተለያይታችኋል ወይ?" ቃሉን ከአፌ ተቀብላ መልሳ ጠየቀችኝ፤ እየተረጎመች አልነበረም። ልጄ ነበረች የምትጠይቀኝ። ዓይኗ ፊቴ ላይ ተተክሎ ነበር።

"አልተለያየንም በዪው" አልኳት፣ ዘግይቼ።

ነገረችው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ቀስ ብሎ ማብራራት ጀመረ። ልጄ ዓይኗን ጊሼው ጠርዝ ላይ አድርጋ ቆራርጣ ተረጎመችልኝ። ተለያይተው ከሆነ የተቆረጠው ልክ ነው፣ ምንም አይከፈልም። ሁለቱም የሚፈርሙበት ወረቀት አለ። ከመቼ ጀምሮ እንደተለያዩ ይጻፍበታል። ካልተለያዩ ግን ይከፈላል። ሰውዬው ወረቀቱን በመስታወቱ ስር አሳልፎ ሰጠን። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም የረዳን መስሎታል።

ወደ ቤት ስንመለስ ትራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጄ በመስኮት እያየች፣ "አባዬ ሴፓሬ ቢሆን ለእኛ ትነግሩናላችሁ አይደል?" አለችኝ።

"አልተለያየንም ብዬሻለሁ እኮ።"

"ሰምቻለሁ።" ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረች። "ግን መልስ ከመስጠትሽ በፊት ብዙ አሰብሽ።"

ቁርጥ አድርጌ፣ ቁጣ ቀላቅዬ፣ "ፈረንሳይኛው እስኪገባኝ ነው" አልኳት። አላመነችኝም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ እናቷ ስትዋሽ ታውቃለች።

ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከበስተኋላው የመጋዘኑ ማሽኖች ይንጫጫሉ። ወረቀቱን ስጠቅስለት አቋረጠኝ።

"ሁለታችን ከፈረምን ምንም አይከፈልም ነው ያለው?"

"እንደዚያ ነው ያለው።"

"ታዲያ ለምን አንፈርምም?"

"ምን?"

"ወረቀት እኮ ነው። እነሱ ራሳቸው ናቸው መንገዱን ያሳዩሽ። ኪራይ ከየት ልንከፍል ነው? ፑርሱዊት ሲመጣብን ምን ልንሆን ነው?" ፑርሱዊት የሚለው ዕዳ አስከፋዩን መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ አገር ስሙን ሲሰሙ የማይደነግጡ የሉም። አንዴ ስምህ እዚያ ከገባ ቤት የሚያከራይህ የለም።

"ልጅህ ናት እኮ የተረጎመችልኝ" አልኩት።

"ለልጅቷ እኔ አስረዳታለሁ። ውሸት መሆኑን እነግራታለሁ።"

"ውሸት ከሆነ ለምን እንፈርማለን?"

"ስለቸገረን!" ብሎ ጮኸ። ጮኾብኝ አያውቅም ነበር። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስለቸገረን ነው" አለ። "ሌላ ነገር ካለሽ ንገሪኝ። እኔ አጥቼዋለሁ።"

እትዬን ደግሜ ጠየቅኳቸው። ቁጣቸው አስደነገጠኝ። "አብደሻል? ያ ወረቀት ኢምፖ ቤት ብቻ የሚቀር መሰለሽ? የፐርሚ ቤቱም ያነበዋል። አንቺ በማን ነው የመጣሽው? በባልሽ አይደለም እንዴ? ነገ ተለያይታችኋል፣ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ቢሉሽ ምን ልትመልሺ ነው? ደግሞስ የሌለ ነገር መንግሥት ፊት መፈረም ወንጀል ነው።" ከዚያ ድምፃቸው ለዘበ። "ወይስ የሌለ ነገር አይደለም?"

ሁሉም ሰው ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ።

በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ አለኝ ብሎ አልመጣም። ወረቀቱን ይዤ እኔ ለመሄድ ወሰንኩ። ልጆቹን እትዬ ጋ አድርጌ ጠዋት ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ተሳፈርኩ። ለባቡሩ ትኬት ያወጣሁት ለሌላ ነገር የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ሐይቁ በመስኮት በኩል አብሮኝ ሮጠ፣ ወይን የተተከለባቸው ዳገቶች፣ ከዚያ ሜዳ፣ ከዚያ ቋንቋው ተቀየረ፤ የድምፅ ማጉያው ጀርመንኛ መናገር ጀመረ። ባለቤቴ ያን ሁሉ መንገድ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይሄደው እንደነበር ያኔ ነው በሰውነቴ የተሰማኝ። እሑድ ማታ ስልክ ሲደውልልኝ ድምፁ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ገባኝ።

ከዚያ ቀን በፊት ሽሊረን ሄጄ አላውቅም። ይሄም አስገራሚ ነው። ባሌ የሚኖርበትን ቤት አላውቀውም ነበር። ከሥራ ሲወጣ ጣቢያው ላይ ጠበቀኝ፣ ተሳሳምን፣ በመጋዘኖቹ መሃል ይዞኝ ሄደ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ስገባ ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ሌላ ሴት ትኖር ይሆን ብዬ አስቤ ይሆናል። ሌላ ሴት አልነበረችም። ንጹሕ ክፍል ነው። አልጋው ተነጥፏል። መስኮቱ ላይ በማሰሮ የተተከለ አበባ አለ፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ጠዋት ውኃ አጠጥቶታል። አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር። ጠረጴዛውን ራሱ ነው የሠራው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቀለም ቀብቶ። እቤታችን የመታጠቢያ ቤቱ በር ከተገነጠለ ዓመት ሆኖታል፤ አልሠራውም።

እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ።

"አበባ ትወድ ነበር እንዴ?" አልኩት።

"ሰው ጥሎት ነው ያነሳሁት።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። እዚህ ስትመዘገብ ምን ብለህ ነው?"

አልሸሸም። "ሴትዮዋ ሚስትህ የት ነው የምትኖረው አለችኝ። ጄኔቭ አልኳት። 'ጌትረንት?' አለችኝ። ለየብቻ ነው የምትኖሩት ማለቷ መሰለኝ። አዎ አልኩ። ለየብቻ አይደለም እንዴ የምንኖረው?"

"ተለያይታችኋል ወይ ማለቷ መሆኑን መቼ አወቅህ?"

አቀረቀረ። ከታች መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ።

"ከጥቂት ወራት በኋላ" አለ። "የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቴን አይቶ ነገረኝ።"

"ለምን አላስተካከልከውም?"

"እንጃ።"

"እንጃ ምንድን ነው?"

"እውነቱን ነው የምትፈልጊው?" ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። "ደክሞኝ ነበር። እቤት ስመጣ ሁሉም ነገር ይጠብቀኛል። ክፍያው፣ የልጁ ትምህርት፣ የእናቴ ሕክምና፣ ያንቺ ፊት። ያንቺን ፊት ስል... ጥፋት የለብሽም። ግን በሩን ስከፍት ፊትሽ ላይ አየዋለሁ። እዚህ ስገባ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ወረቀቱ ላይ ጌትረንት ይላል፤ ይበል አልኩ። የሚጎዳ አልመሰለኝም።"

መጮህ ነበረብኝ። ባቡር ውስጥ ሳለሁ የምጮኸውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የመጣብኝ ሌላ ነው። እሑድ ከሰዓት እሱ ሲወጣና በሩ ሲዘጋ፣ እኔም ትከሻዬ ቀለል ይለኝ ነበር። የሚያዝን ሰው እያየሁ ማዘን አይኖርብኝም። ልጆቹን አብልቼ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ ሶፋው ላይ ብቻዬን እዘረጋለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ጊሼው ላይ ብዙ ያሰብኩትም ለዚያ ይሆናል።

"ስማ" አልኩት። "እውነት ከሆነ እፈርማለሁ። ለልጆቹም አብረን እንነግራቸዋለን፣ የሚመጣውንም እችለዋለሁ። ለገንዘቡ ብለህ ከሆነ ግን አልፈርምም። ልጄ ያንን ቃል ከእኔ አፍ ነው የተማረችው። ውሸት ነበር፣ ለገንዘብ ነው ብዬ ልነግራት አልችልም። አንዱን ምረጥ።"

ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሄጄ ልይዘው ፈለግሁ፣ ግን ምርጫውን እንዳልጫንበት ፈራሁ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

"አልተለያየንም" አለ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም" አለ። ዞረ። "ግን መለያየት አልፈልግም።"

ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አልነበረኝም።

ለሁለቱም ካንቶን ማስተካከያ አብረን ጻፍን፤ እትዬ ፈረንሳይኛውንም ጀርመንኛውንም አቃኑልን። ባልና ሚስት ነን፣ ቤታችን ጄኔቭ ነው፣ ዙሪክ ለሥራ ብቻ የሚታደርበት ነው አልን። በዚህ ቃላችን ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ተቀበልን ማለት ነው። ባለቤቴ ወሩን ጨርሶ የሽሊረኑን ሥራ ለቀቀ። እንዲለቅ አልጠየቅኩትም፤ እንዳይለቅም አልነገርኩትም። "እዚያ ከቆየሁ አልመለስም" ነው ያለኝ።

ያኔ ነው እውነተኛው ችግር የመጣው። በራሱ ፈቃድ ሥራ የለቀቀ ሰው ሾማዥ ሲጠይቅ ይቀጣል፤ ለወራት ያህል ምንም አልተከፈለውም። እኔ በግማሽ ቀን ደመወዝ አራት ሰው ይዤ ቀረሁ። ኢምፖ ቤቱ በየወሩ ከፋፍለን እንድንከፍል ፈቀደልን፣ ሁለተኛው ወር ላይ ግን መክፈል አቃተን። ከዚያ ፑርሱዊት መጣ። ፖስተኛው ነበር ያመጣው፣ በር ላይ አስፈርሞኝ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ጫማውን አድርጎ ወጣና እስከ ምሽት አልተመለሰም። ሮን ወንዝ ዳር ሲሄድ መዋሉን ኋላ ነገረኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰዓት መስኮት ላይ ነበርኩ። አስቤ የማላውቀውን ነገር አሰብኩ። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል። እግሩን ሞቅ ባለ ውኃ አጠብኩለት። ነገሩ እስከዚህ ደርሶ ነበር።

ከደመወዜ ይቆረጥ ጀመር። የቀረልን ለመኖር ይበቃል ተብሎ በሕግ የተተመነው ነው። ያንን የተመነው ሰው ሻትሌን ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጄ የትምህርት ቤቱን የተራራ ጉዞ ራሷ ሰረዘችው። "በረዶ አልወድም" አለችኝ። ትወዳለች። ከዚያ የጊሼው ቀን በኋላ ወረቀት አላስነበብኳትም፤ ማታ ማታ እትዬ ጋ ወርጄ ፈረንሳይኛውን ራሴ ቃል በቃል መቁጠር ተማርኩ። እሷም አልጠየቀችኝም። በመካከላችን የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሚመለስ ግን አላውቅም።

ዙሪክ ከባለቤቴ የቆረጠችውን ግብር መለሰች። ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። በእኛ እጅ አላለፈም፤ በቀጥታ ጄኔቭ ገባ፣ ከዕዳው ላይ ተቀነሰ። ቀሪው ግን ቀረ፤ በላዩም ወለድና የአስከፋዩ ወጪ ተጨምሮበታል። ባለቤቴ በመጨረሻ አየር ማረፊያው ላይ የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት አገኘ። ገና ሳይነጋ ይሄዳል፣ ልጆቹ ከትምህርት ሲመለሱ እሱ እቤት ነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር ሠራው።

ቋሚውን ፐርሚ ለመጠየቅ ዓመታችን ሞልቶ ነበር። ዕዳ የተመዘገበበት ሰው አይሰጠውም ተባልን። መዝገቡ እስኪጠራ ድረስ በየጊዜው እያሳደስን እንኖራለን። ቤት መቀየርም አንችልም፤ አከራይ የሚጠይቀው መጀመሪያ የዚያን መዝገብ ቅጂ ነው። ስለዚህ ያችው ሁለት መኝታ ቤት ናት። ልጄ አሥራ ሰባት አልፏታል፣ ከትንሽ ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች። ማጉረምረሟን ትታለች፤ መተዋ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ባለፈው እሑድ አባቷ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ልስቀልላት አለ። ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ነው የተነሳው። ጣሪያው ኮንክሪት ስለሆነ መብሻውን ከጎረቤት ተዋሰ፤ አቧራው ፀጉሩ ላይ ወርዶ ሽማግሌ አስመሰለው። ልጄ በሩ ላይ ተደግፋ ታየው ነበር። ዘንጉን ሰቀለ፣ መጋረጃውን ዘረጋ፣ ከወንበሩ ሳይወርድ ወደ እኔ ዞረ።

"ቀጥ ብሏል?" አለኝ።

ወደ ግራ አዘንብሏል። ልጄ እኔን አየችኝ። እንደገና ልብሳው ቢል ጣሪያው ይፈርሳል፤ የፈረሰውን ደግሞ አከራዩ ያስከፍለናል።

"ቀጥ ብሏል" አለችው ልጄ። ገባችና መጋረጃውን ከኋላዋ ሳበችው።